«ፍሪ ሳይዝ» ለተባለ ቀሚስ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት

ይህን ማስጠንቀቂያ የምጽፈው በደሴና በኮምቦልቻ ለምትገኙ፣ ለምርቃት፣ ለሠርግ ወይም ለበዓል ብላችሁ ልብስ በስልክ ፎቶ መርጣችሁ ለምታዝዙ ሴቶችና ለልጆቻቸው ለሚገዙ ወላጆች ነው። በዚህ መንገድ 7,800 ብር ከፍዬ ያመጣሁት ቀሚስ አንድም ቀን ሳይለበስ ቁም ሳጥን ውስጥ ተሰቅሎ ቀርቷል። ከገንዘቡ በላይ የሚያንገበግበኝ ግን ሻጩ የልብሱን ጥበት በእህቴ ልጅ ሰውነት ማሳበቡ፣ እርሷም ቃሉን አምና ምግብ መተዋ ነው።

የእህቴ ልጅ ትምህርቷን ኮምቦልቻ ጨርሳ ባለፈው ዓመት ስትመረቅ፣ ከጋዋኑ ሥር የምትለብሰውን ቀሚስ እኔ እንደምገዛላት ቃል ገብቼላት ነበር። ደሴ ውስጥ ከውጭ የሚመጡ ልብሶችን ፎቶ በስልክ እየላከ ትእዛዝ የሚቀበል አንድ ሱቅ አለ። ከተላኩልን ፎቶዎች መካከል እርሷ ጥቁር አረንጓዴ፣ እጅጌው ሙሉ፣ ወገቡ የተሰበሰበ ረጅም የሳቲን ቀሚስ መረጠች። ልኩን ስጠይቅ ሻጩ «ፍሪ ሳይዝ ነው፤ ለማንም ይሆናል» አለኝ፤ እኔም ቃሉን ይዤ ግማሹን 3,900 ብር ቀብድ በቴሌብር ላክሁ። ልብሱ ሲደርስ የሰማሁት ደንብ ግን ቀሪው ግማሽ ሳይከፈል ፌስታሉ አይከፈትም፣ ከተከፈተ በኋላ ደግሞ አይመለስም የሚል ነበር። አሁን ሳስበው፣ ልብሱ ለማንም እንደሚሆን እርግጠኛ የሆነ ነጋዴ ገዢዋ እንዳትሞክረው የሚከለክልበት ምክንያት የለውም። ያን ጊዜ ግን ምርቃቱ ሦስት ሳምንት ብቻ ስለቀረው ቸኩዬ ከፈልሁ።

ቤት ወስደን ስትለብሰው ዚፑ ከወገቧ ጥቂት ከፍ ብሎ ቆመ። እናቷ ከኋላ ሆና ሁለቱን ጠርዝ ለማቀራረብ ብትጎትትም በመካከል ከመዳፍ የሚሰፋ ክፍተት ቀረ፤ ልጅቷም ትንፋሿን ውጣ፣ ሆዷን ወደ ውስጥ ስባ፣ እንባዋ እየመጣ ቆማ ነበር። በማግስቱ ይዘነው ስንመለስ ሻጩ ቀሚሱን አገላብጦ አየና ምንም ጉድለት እንደሌለው ተናገረ፤ ከዚያም ወደ እርሷ ዞሮ «አንቺ ትንሽ ብትቀንሺ ልክክ ይልልሻል፤ ገና ሦስት ሳምንት አለሽ አይደል?» አላት። ይህን የተናገረው ሌሎች ደንበኞች ባሉበት ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቁርስ አቆመች፣ ምሳዋንም ከጥቂት ጉርሻ በኋላ ትገፋው ጀመር፤ እኛም በምርቃቱ ሩጫ ነው ብለን ዝም አልን። በዘጠነኛው ቀን ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ስንመጣ የሐረጎን ዳገት ሳንጨርስ ሚኒባሱ ውስጥ ራሷን አዞራት፤ ለካ ከዋዜማው ምሽት ጀምሮ ከቡና በቀር የቀመሰችው ነገር አልነበረም።

ቤት እንደገባን ያደረግሁት ነገር ገንዘቡን ከመክፈሌ በፊት ማድረግ የነበረብኝ ነው። የልብስ ሰፊ ሜትር ተውሼ ለካኋት፤ ቁመቷ 158፣ የደረቷ ዙሪያ 98፣ ወገቧ 82 ሴንቲ ሜትር ሆነ። ከዚያ የቀሚሱን አንገት ገልብጬ በውስጥ የተሰፋውን ምልክት አየሁት፤ 160/84 የሚል ቁጥርና ከጎኑ ‹ኤ› የሚል የላቲን ፊደል ታትሞበታል።

ይህ አጻጻፍ ከቻይና በሚመጡ ብዙ ልብሶች ላይ ስለሚገኝ ትርጉሙን ብታውቁት ይጠቅማችኋል። በቻይና የልብስ ልክ ደረጃ የመጀመሪያው ቁጥር ልብሱ የታሰበላት ሴት ቁመት ነው። ሁለተኛው በሸሚዝ፣ በጃኬትና በቀሚስ ላይ ሲሆን የደረት ዙሪያ፣ በሱሪና በጉርድ ላይ ሲሆን ደግሞ የወገብ ዙሪያ ነው፤ ሁሉም የሚቆጠረው በሴንቲ ሜትር ነው። ፊደሉ በደረትና በወገብ ዙሪያ መካከል ያለውን ልዩነት ያመለክታል፤ ለሴቶች ‹ዋይ› ከ19 እስከ 24፣ ‹ኤ› ከ14 እስከ 18፣ ‹ቢ› ከ9 እስከ 13፣ ‹ሲ› ከ4 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር ነው። እንግዲህ «ለማንም ይሆናል» የተባለው ቀሚስ የደረቷ ዙሪያ 84 ሴንቲ ሜትር ለሆነ ሴት የተሰፋ መሆኑ አንገቱ ላይ ተጽፎ ነበር ማለት ነው፤ ሻጩም ይህን ከእኔ ቀድሞ ማንበብ ይችል ነበር። የእህቴ ልጅ በደረቷና በወገቧ መካከል ያላት ልዩነት 16 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ የእርሷም ቅርጽ በዚያው ሠንጠረዥ ‹ኤ› ነው። የሚያስፈልጋት ያው ቀሚስ፣ በአራት በአራት ሴንቲ ሜትር በሚያድገው ደረጃ ሦስት ወይም አራት ጊዜ ከፍ ያለው ብቻ ነበር። ሠንጠረዡን በወረቀት ጽፌ ሳሳያት ብዙ ጊዜ ዝም ብላ አየችው፤ ማታም ራቷን በላች።

«ልብስ ሰፊ ያሰፋዋል» በሚል ተስፋ ጠባብ ልብስ የሚገዛ ሰው ብዙ ስለሆነ፣ በዚህ በኩልም የሞከርኩትን ልንገራችሁ። አራዳ አካባቢ ለረጅም ጊዜ የምናውቃቸው ልብስ ሰፊ ጋሼ ቀሚሱን ገልብጠው የጎኑን ስፌት በጥፍራቸው ከፈት አደረጉና ከስፌቱ ወዲያ ያለውን ትርፍ ጨርቅ አሳዩኝ፤ አንድ ሴንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም። ፋብሪካ ጨርቅ ለመቆጠብ ሲል ትርፉን አሳጥሮ ስለሚቆርጠው፣ በሁለቱም ጎን የተገኘው ሁሉ ቢለቀቅ ለአሥራ አራት ሴንቲ ሜትር ጉድለት ምንም አይሆንም፤ ሳቲን ሲተረተር ደግሞ የመርፌው ቀዳዳ በተርታ ይታያል። ልብስ ሰፊ ራሱ ሲሰፋ ግን ወደፊት ልጅቷ ብትወፍር ይለቀቅላታል ብሎ በየጎኑ ሁለትና ሦስት ሴንቲ ሜትር ያስቀራል። ስለዚህ በሁለት ቁጥር መካከል ከዋለላችሁ ሁልጊዜ ሰፊውን ግዙ፤ ሰፊ ልብስ ይጠባል፣ ጠባብ የፋብሪካ ልብስ ግን አይሰፋም። በመጨረሻ ያንኑ የመሰለ ጨርቅ ከገበያ ገዝተን እሳቸው በአምስት ቀን ሰፉላት፤ ጨርቁና የእጅ ዋጋው ተደምሮ 4,200 ብር ሆነ።

ይህን ያህል የምዘረዝረው፣ ፊደሉና ቁጥሩ በሰውነታችን ላይ የተሰጠ ፍርድ የሚመስላቸው ልጆች በዙሪያችን ስላሉ ነው። የልብስ ቁጥር ሰዎች በቅርብ ዘመን ያወጡት፣ የቀየሩትና የተዉት ነገር ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1939 እና በ1940 የመንግሥት ተመራማሪዎች ወደ 15,000 የሚጠጉ ሴቶችን ለክተው ውጤቱን በ1941 አሳተሙ፤ ነጭ ያልሆኑ ሴቶች ልኬት ግን ከስሌቱ እንዲወጣ ተደርጎ ነበር። በዚያ ላይ ተመሥርቶ በ1958 ይፋዊ የልብስ ልክ ደረጃ ወጣ፣ በ1983 ደግሞ ተሰረዘ። ከዚያ ወዲህ በዚያ ገበያ እያንዳንዱ ኩባንያ የየራሱን ሠንጠረዥ ይጠቀማል፤ ብዙዎቹም ገዢዋ ደስ እንዲላት ሰፊውን ልብስ በትንሽ ቁጥር ይሰይማሉ። በዚህ ምክንያት በአንዱ ድርጅት ‹ኤም› የምትለብስ ሴት በሌላው ‹ኤክስ ኤል› ብትሆን ሰውነቷ አልተለወጠም። ሴቶች ሳይከሱም ሆነ ሳይወፍሩ ቁጥራቸው ከሱቅ ሱቅ ከተለያየ፣ ፊደሉን ብቻ አምኖ ቀብድ መክፈል ዓይንን ጨፍኖ እንደመግዛት ነው።

ፎቶውም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ልብሱን ለብሳ የምትታየው ሞዴል ብዙውን ጊዜ ከ175 ሴንቲ ሜትር በላይ የምትረዝም፣ ከአብዛኛው ገዢ እጅግ የቀጠነች ሴት ናት፤ ልብሱም ከኋላዋ በመርፌ ቁልፍና በማያያዣ ተሰብስቦ ከፊት ብቻ እንዲያምር ይደረጋል። በሱቅ መስኮት በቆመው አሻንጉሊት ላይም ይኸው ስለሚሠራ፣ በሚቀጥለው ጊዜ በፒያሳ ስታልፉ ዞር ብላችሁ ጀርባውን ተመልከቱ። ቅጥነቱ ለሞዴሎቹም ጤና አደገኛ መሆኑን ያመኑ አገሮች እርምጃ ወስደዋል። የማድሪድ የፋሽን ሳምንት እ.ኤ.አ. በ2006 ክብደታቸው ለቁመታቸው ከተወሰነው መጠን ያነሰ ሞዴሎችን ከመድረክ አግዷል። በፈረንሳይ ከ2017 ጀምሮ ሞዴሎች የሐኪም ማስረጃ እንዲያቀርቡ፣ ሰውነታቸው በኮምፒዩተር የተስተካከለባቸው የማስታወቂያ ፎቶዎችም ያ እንዲጻፍባቸው በሕግ ተደንግጓል። እዚህ በስልካችን የሚደርሱን ፎቶዎች እንዲህ ያለ ጽሑፍ የለባቸውም፤ የአሥራ ስምንትና የሃያ ዓመት ልጆቻችን ግን ራሳቸውን የሚለኩት በእነርሱ ነው።

ኮምቦልቻ የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2009 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ በልብስ ስፌት የሠሩ ብዙ ወጣቶች አሉባት፤ ከእነርሱ አንዷ፣ በጥራት ቁጥጥር የሠራች የጎረቤቴ ልጅ፣ የነገረችኝ ነገር ዓይኔን ገልጦልኛል። ፋብሪካ በመጀመሪያ ለአንድ መካከለኛ ልክ ንድፍ ያወጣል፤ ሌሎቹን ልኮች ሁሉ በዚያ ላይ የተወሰነ ሴንቲ ሜትር እየደመረና እየቀነሰ ያበጃቸዋል። በዚህ ስሌት ትልቁ ልክ ትከሻው ሲሰፋ ክንዱ ይጠባል፣ ወገቡ ሲበቃ ዳሌው ይይዛል፤ የሰው አካል በሁሉም በኩል እኩል አያድግምና። ከዚህም ሌላ ስፌቱ ከታዘዘው ልክ አንድ ወይም ሁለት ሴንቲ ሜትር ቢዛነፍ ጥራቱ እንዳለፈ ይቆጠራል፤ ስለዚህ አንድ ዓይነት ምልክት ያላቸው ሁለት ሱሪዎች አንዱ ሊጠብ ሌላው ሊሰፋ ይችላል። እርሷ ራሷ ምልክቱን ሳይሆን ልብሱን ለክታ እንደምትገዛ ነግራኛለች።

ስለ መብታችንም አንድ ነገር ልበል። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት፣ ዕቃውን ስላየ ወይም ዋጋ ስለተከራከረ ብቻ እንዲገዛ ያለመገደድ፣ እንዲሁም በነጋዴ በትሕትናና በአክብሮት የመስተናገድና ከስድብ የመጠበቅ መብት እንዳለው ይደነግጋል። ጉድለት የተገኘበትን ዕቃም ሸማቹ በገዛ በ15 ቀናት ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል። እኔ ደረሰኝ ሳልቀበል ስለከፈልሁና ሻጩ «ለማንም ይሆናል» ያለው በቃል ብቻ ስለነበር፣ የከተማውን ንግድ መምሪያ ባማክር በእጄ የማሳየው ነገር አልነበረኝም። ልብስ ስለጠበበ ብቻ ጉድለት አለበት አይባልም፤ የተነገራችሁ ልክና የመጣው ልክ መለያየቱን ማሳየት የምትችሉት ደረሰኙ ላይ ልኩ በሴንቲ ሜትር ተጽፎ ሲገኝ ነው። ስለዚህ ቀብድ ስትከፍሉ «ደረት 104፣ ካልሆነ ይመለሳል» ተብሎ በጽሑፍ ይስፈርላችሁ፤ ይህን ለመጻፍ እምቢ ካለ ሌላ ሱቅ ሂዱ።

አለካኩ ከባድ አይደለም። ስስ ልብስ ለብሳችሁ፣ ሌላ ሰው ሜትሩን ይዞላችሁ፣ ደረትን በሰፊው ቦታ፣ ወገብን በቀጭኑ ቦታ፣ ዳሌን እግራችሁን ገጥማችሁ በሰፊው ቦታ ለኩ፤ ሜትሩ ሳይጠብቅ ሳይላላ ይዙር፣ ትንፋሻችሁንም አትያዙ። ከዚያ ሻጩ ቀሚሱን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ፣ ከብብት እስከ ብብት ሜትር ዘርግቶበት ፎቶ እንዲልክላችሁ ጠይቁ፤ ያ ቁጥር በሁለት ሲባዛ የልብሱ የደረት ዙሪያ ነው። የማይለጠጥ ጨርቅ ከሆነ ከሰውነታችሁ ልክ ቢያንስ ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር መብለጥ አለበት፤ አለዚያ ቆማችሁ ቢሆንላችሁም ስትቀመጡ ይይዛችኋል። ጥጥ ከሆነ ሲታጠብ ሊሰበሰብ ስለሚችል ትንሽ ጨምሩ። «ፍሪ ሳይዝ» በሚለጠጥ ጨርቅና በሰፊ አባያ ላይ ትርጉም ሊኖረው ይችላል፤ ወገቡ ተቆርጦ ዚፕ በገባበት የሳቲን ቀሚስ ላይ ግን ፈጽሞ የለውም።

ያ ጥቁር አረንጓዴ ቀሚስ ባለፈው ሳምንት፣ የጥር ሠርግ ሲቃረብ፣ በዚያው ፎቶና በዚያው «ለማንም ይሆናል» በሚለው ቃል እንደገና ተልኮልኛል። እጅጌው ሙሉ፣ ወገቡ የተሰበሰበ፣ ሞዴሏ በነጭ ግድግዳ ፊት ጎኗን ሰጥታ የቆመችበት ፎቶ ነው። ከደረሳችሁ፣ የአንገቱን ምልክት በቅርብ አንስቶ እንዲልክላችሁ ጠይቁት፤ 84 የሚል ከሆነ የራሳችሁን ደረት ሳትለኩ አንድ ብር አትላኩ።