ሶላር ፓውዛ፦ ፓኔሉ የተጣበቀው ወይስ የተለየው?

«የቱን ልግዛ?» የሚል ስልክ ዘንድሮ ስንቴ እንደተደወለልኝ አልቆጠርኩም። የአጎቴ ልጅ ከዳንግላ፣ የሚስቴ ወንድም ከቢቸና፣ ባለፈው ሳምንት ደግሞ የአጥር ጎረቤቴ። ሁሉም የሚጠይቁኝ ስለ ግቢ ሶላር ፓውዛ ነው። አንዴ ልጻፈውና ልገላገል።

ፓኔሉ ከመብራቱ የተለየውን ግዙ። ይህን ለማወቅ እኔ 3,600 ብር ከፍያለሁ።

ከዓመታት በፊት፣ ታኅሣሥ ላይ ነው። ፓኔሉ ጀርባው ላይ የተጣበቀውን፣ ካርቶኑ ላይ «300 ዋት» የተጻፈበትን፣ ባንዱ 1,800 ብር ሁለት ገዛሁ። ፍኖተ ሰላም ያለው ቤታችን በሩ ወደ ሰሜን ነው የሚያየው። በበጋ ደግሞ ፀሐይ ወደ ደቡብ ዘንበል ብላ ነው የምታልፈው። በር ላይ የሰቀልኩት ቀኑን ሙሉ የቤቱ ጥላ ውስጥ እየዋለ፣ ማታ ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ይጠፋል። የጓሮው ደህና ነበር። ሐምሌ ሲገባ እሱም አበቃለት። ሰባት ወር ማለት ነው፤ ሲካፈል ባንዱ በወር 257 ብር። ለጅብ ማባረሪያ ውድ ነው።

ሞባይል ጠጋኙ ጋ ወስጄ አስከፈትኩት። አራት ድንጋይ አለው፤ እያንዳንዱ ላይ «9,000» ተጽፎበታል። በዚያ መጠን የሚሠራ ድንጋይ ምርጥ የሚባለው እንኳ 3,600 ሚሊ አምፒር ሰዓት አካባቢ ነው የሚይዘው፤ ክብደቱም ወደ 45 ግራም ነው። የእኔዎቹን የቅመም ሚዛን ላይ አስቀመጥናቸው። አራቱ አንድ ላይ 100 ግራም አልሞሉም!

የዋቱ ነገርማ አይነሳ። አንድ ካሬ ሜትር ፓኔል በጠራራ ፀሐይ ወደ 200 ዋት ነው የሚሰጠው። የደብተር ያህል ስፋት ያለው ከ12 ዋት ብዙም አይዘልም። 300ው ከየት መጣ?

አሁን ያለኝ ፓኔሉ በአምስት ሜትር ገመድ የተለየ ነው። 4,600 ብር ሲለኝ ትቼው ወጥቼ ነበር፤ ተመልሼ ገዛሁት። ፓኔሉን ቆርቆሮው ላይ ፀሐይ በሚያገኝበት ቦታ፣ ትንሽ ዘንበል አድርጌ አሰርኩት፤ አቧራውን ዝናብ ያጥብልኛል። መብራቱ በሩ ላይ ነው፣ ጥላ ውስጥ ቢሆንም ግድ የለውም። ዘንድሮ 26ኛ ወሩ ነው፤ በወር 177 ብር ደርሷል፣ ገና ይወርዳል። ክረምት ላይ ይደክማል፣ አልዋሽም። ግን ሰው ሲያልፍ ብቻ እንዲደምቅ ስላደረግኩት ሌሊቱን ይገፋል። የጎረቤት ውሻ ባይመላለስ ደግሞ የበለጠ ይቆይ ነበር።

ባትሪውም ሌላ ነው። 3.2 ቮልት የሚለው፣ ሊትየም አይረን ፎስፌት የሚባለው ወፍራም ድንጋይ ነው። ከተራው ሊትየም ይልቅ ብዙ ጊዜ እየተሞላ እያለቀ ያገለግላል፣ ሙቀትም ይችላል። ክዳኑ በብሎን ነው የተዘጋው። ያኛው ግን በሙጫ ስለተጣበቀ ጠጋኙ ሲከፍተው ጠርዙን ሰበረው፤ ከዚያ ወዲያ ውሃ ገባው።

የቆጣሪ ፓውዛስ ለሚሉኝ፦ ሲገዛ ርካሽ ነው። ግን 50 ዋቱ ሌሊቱን ሙሉ ሲበራ በወር 18 ኪሎ ዋት ሰዓት ይበላል። መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል፣ ሌባ የሚመጣው ደግሞ ያኔ ነው። ከገዛችሁም ድራይቨሩ (የቆጣሪውን ኃይል ለመብራቱ የሚመጥነው ክፍል) ለብቻው የሆነውን ውሰዱ። ሁሉም አንድ ሰሌዳ ላይ የተበየደው መብራቱ ሄዶ በኃይል ሲመለስ ከተቃጠለ የሚጠገን ነገር የለውም።

ሱቅ ስትገቡ ዋት አትጠይቁ። «ክፈትልኝ፣ ባትሪውን ልየው» በሉ። ባለ ሱቁ ብሎን መፍቻ ሲያነሳ ዋጋ መከራከር ጀምሩ፤ እኔ ከ5,200 ነው ያወረድኩት።