ለአባቱ ቃዲሽ እንዲል ልጄን ላገዙት ረቢ

በእስራኤል ሠራዊት ልጅ ያላችሁ እናቶች፣ ይህን የምጽፈው በተለይ ለእናንተ ነው። አስቀድሜ ግን ምስጋናዬን ላድርስ። ምስጋናዬ ልጄ ላለበት ሻለቃ ጦር ረቢ፣ ለሃይማኖት መምህሩ ነው። ሥራ ላይ ያሉ ወታደር ስለሆኑ ስማቸውን እዚህ አልጠራም። የሚያውቋቸው ያውቋቸዋል። እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ!

ባለቤቴ ያረፈው ልጃችን ገና ሥልጠና ላይ እያለ ነው። ሰባቱን የሐዘን ቀን ከእኛ ጋር ተቀመጠ፤ ለዚያ ሠራዊቱ ፈቃድ ይሰጣል። ከዚያ ዩኒፎርሙን ለብሶ ተመለሰ። በእኛ በአይሁዶች ሥርዓት ልጅ ለሞተ አባቱ አሥራ አንድ ወር ቃዲሽ የሚባለውን የሐዘንተኛ ጸሎት ይላል። ቃዲሽ ደግሞ ለብቻ አይባልም፣ አሥር ወንድ መሟላት አለበት። እኛ ሰፈር ይህ ችግር አይደለም። ግማሹ ጥበቃ ላይ፣ ግማሹ ደክሞት በተኛበት ጦር ሰፈር ግን አሥር ሰው ከየት ይምጣ?

እውነቱን ለመናገር በምግቡም በሰንበቱም አልተቸገረም። የሠራዊቱ ወጥ ቤት ሁሉ ኮሸር ነው፣ በሃይማኖታችን የተፈቀደ ምግብ ብቻ ይሠራበታል፤ ዓርብ ማታም የሰንበቱ ቡራኬ፣ ቂዱሽ አለ። የቸገረው ቃዲሹ ነው። መጀመሪያ በነበረበት ቦታ የሚመለከተውን ሰው ሄዶ ቢጠይቅ፣ «ሰው ካገኘህ ጸልይ፤ ሰው መሰብሰብ የእኔ ሥራ አይደለም» አለው። ሌላው ደግሞ ብሶ፣ «እናንተ ኢትዮጵያ ውስጥ ቃዲሽ ነበራችሁ እንዴ?» አለው።

ይቺ ቃል እስከ ዛሬ ታንገበግበኛለች። አዎ፣ በአገራችን ቃዲሽ አልነበረም። የእኛ የቤተ እስራኤል ቄሶች በግዕዝ ይጸልዩ ነበር፣ ለሞተ ሰው ተዝካር ይወጣ ነበር። ኦሪታችንን ይዘን፣ ሰንበታችንን አክብረን ነው የኖርነው። ባለቤቴ እ.ኤ.አ. በ1984 በሱዳን በኩል፣ በልጅ እግሩ፣ እህቱን መንገድ ላይ ቀብሮ፣ «ኢየሩሳሌም» እያለ የመጣ ሰው ነው። የዚህ ሰው ልጅ ጠመንጃ ይዞ አገር እየጠበቀ እንዲህ ይባላል? ልጄ ይህን ሁሉ አልነገረኝም ነበር። ስልክ ላይ ድምፁ እየቀነሰ ሲሄድ ነው አስጨንቄ ያወጣሁት።

ከዚያ ወደ አሁኑ ሻለቃ ተዛወረ። ረቢው ልጄን የጸሎት መጽሐፉን፣ ሲዱሩን ይዞ ብቻውን ቆሞ አዩት። ለማን እንደሚያዝን ጠየቁት። ቀጥለውም፣ «አባትህ ማን ይባላል? ምን ዓይነት ሰው ነበር?» አሉት። እስከዚያ ድረስ ሠራዊት ውስጥ ልጄን ስለ አባቱ እንዲያወራ የጠየቀው ማንም አልነበረም። ቁጭ ብለው ሰሙት። በማግስቱ ጠዋት አሥር ሰው ቆሞ ጠበቀው።

እንዴት እንዳደረጉት አላውቅም። ከአዛዡ ጋር ተነጋገሩ፣ የጥበቃ ተራ ተቀያየረ አሉኝ። እንዲህ ያለው የሠራዊት አሠራር አይገባኝም። የገባኝ ነገር ቢኖር ልጄ በየቀኑ ቃዲሽ ማለቱ ነው።

አንድ ቀን ኔጌቭ በረሃ ልምምድ ላይ ነበሩ። የከሰዓቱ ጸሎት፣ ሚንሓ ደረሰ፣ ፀሐይዋ ልትጠልቅ ነው። ቢቆጥሩ ዘጠኝ ናቸው። ከመካከላቸው የሃይማኖተኛ ቆብ (ኪፓ) አድርጎ የማያውቅ፣ ለልጄ ሲል ብቻ የቆመ ጓደኛው አለ። አሥረኛ ግን የለም። ልጄ ተስፋ ቆርጦ ሲዱሩን ሊዘጋ ሲል አቧራ እያስነሳ መኪና መጣ። ረቢው ናቸው። ሰው እንደሚጎድል ሰምተው፣ ከጦር ሰፈሩ ያን ሁሉ መንገድ ራሳቸው እየነዱ አሥረኛ ሊሆኑ መጡ። ጸለዩ፣ ልጄ ቃዲሹን አለ፣ ሁሉም «አሜን» አሉ። ረቢው ውኃ እንኳ ሳይጠጡ ተመለሱ። ልጄ ይህን ሲነግረኝ ስልኩን ይዤ አለቀስኩ። እንዲህ ያለ ሰው የት ይገኛል?

በዚህ አላበቁም። የቤተ እስራኤል በዓላችን ስግድ ሲቃረብ ልጄን ጠርተው ስለ በዓሉ እንዲያስረዳቸው ለመኑት። ስግድ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ በሕግ የታወቀ የአገር በዓል ነው፣ ግን ብዙው ወታደር ምንነቱን አያውቅም። ልጄ በጓደኞቹ ፊት ቆሞ ስለ ቄሶቹ፣ ስለ ጾሙ፣ ተራራ ላይ ስለሚጸለየው ጸሎት ተናገረ። ረቢው ከፊት ተቀምጠው እንደ ተማሪ ይሰሙት ነበር።

እናቶች፣ ልጃችሁ ሠራዊት ውስጥ ሆኖ ሐዘን ከገጠመው፣ ጾም ወይም ጸሎት ካስቸገረው፣ ዝም አይበል። ለጸሎት ጊዜ መስጠት የሠራዊቱ ደንብ ነው፣ የማንም ችሮታ አይደለም። አንዱ ቢያባርረው ወደ ሌላው ይሂድ። ረቢውን ይፈልግ፣ እናንተም ፈልጓቸው፣ ደውሉ፣ ጠይቁ። እኛ የገጠሙን ዓይነት ሰው ካገኛችሁ ደግሞ አመስግኗቸው። ልጃችሁ እሳቸው ጋ ከተመደበ በጣም ዕድለኛ ናችሁ። ደግሜ እላለሁ፣ በጣም ዕድለኛ ናችሁ!

ረቢያችን፣ ይህ ጽሑፍ ከደረሰዎት፣ የባለቤቴ ሙት ዓመት ሲደርስ ቤታችን ይምጡልን። ዘጠኙንም ልጆች ይዘዋቸው ይምጡ። ዳቦውን እኔ ጋግሬ እጠብቃችኋለሁ።