«8 ጂቢ ግራፊክስ» የሚል ላፕቶፕ ልትገዙ ከሆነ ይህን ሳታነቡ እንዳትከፍሉ

ለወንድሜ ገዝቼለት የነበረውን ላፕቶፕ ትናንት ማታ እንደገና ለሽያጭ ወጥቶ አየሁት። ፎቶው አዲስ ነው፤ ዕቃው ግን ያው ነው። ክዳኑ ላይ ያለውን ጭረት አውቀዋለሁ፤ ሦስት ሳምንት ቤታችን ከርሟል። ከፎቶው ስር የተጻፈውም ያኔ እኔ ያነበብኩት ነው፦ «ኮር አይ 7፣ 16 ጂቢ ራም፣ 512 ኤስኤስዲ፣ 8 ጂቢ ግራፊክስ፣ ለጌምና ለዲዛይን፣ ከዱባይ የገባ ስላሽ»። ስላሽ የሚሉት ያገለገለ ዕቃ ነው። ዋጋው ላይ ብቻ 3,000 ብር ጨምረውበታል። ሌላ ሰው ገንዘቡን ቋጥሮ ከመሄዱ በፊት ይድረሰው ብዬ ነው የምጽፈው።

ታናሽ ወንድሜ አምስት ኪሎ ኢንጂነሪንግ ይማራል። ላፕቶፕ የፈለገው በዋናነት ለትምህርቱ ነው። ኦቶካድ የሚባለውን የንድፍ ፕሮግራም ይከፍትበታል፣ አሳይመንት ይሠራበታል። ማታ ማታ ደግሞ ከጓደኞቹ ጋር ፊፋ መጫወት ይወዳል። ጌሙ ስሙ ተቀይሮ ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ ከተባለ ቆይቷል፤ ልጆቹ ግን አሁንም ፊፋ ነው የሚሉት። አንዳንዴ ጂቲኤ 5 ይነካካል። ሌሊቱን ሙሉ ጌም ላይ የሚያድር ልጅ አይደለም። የጠየቀኝ ሁለት ነገር ነበር። ኳሱ እንዳይንቀራፈፍ፣ ዕቃው ደግሞ በየቀኑ የታክሲ ግፊያ ችሎ እስኪመረቅ እንዲቆይለት። ዕቁብ ደርሶኝ ስለነበር «እኔ እገዛልሃለሁ» አልኩት።

ሱቁ ከስታዲየም ብዙም የማይርቅ ፎቅ ላይ ነው። ሻጩ ትሁት ልጅ ነው። ወንበር ሰጠን፣ ውሃ አመጣልን። ግራፊክሱን ስጠይቀው ቅር አላለውም። «እህቴ፣ በዓይንሽ እይው» አለና ዲኤክስዲያግ የሚባለውን፣ የላፕቶፑን ዝርዝር የሚያሳይ መስኮት ከፈተ። ዲስፕሌይ የሚለው ገጽ ላይ «አፕሮክሲሜት ቶታል ሜሞሪ» የሚል መስመር አለ። ፊት ለፊቱ 8 ሺህ 200 ምናምን ሜጋባይት ይላል። «ይኸው፣ 8 ጂቢ» አለኝ። ቁጥሩን በዓይኔ አየሁት፤ አመንኩ። ከዚያ ጌም ከፍቶ አምስት ደቂቃ አጫወተው። ወንድሜ ፈገግ አለ። 62,000 ብር ከፍለን ወጣን።

እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አንብቡልኝ። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚሁ ነው።

ግራፊክስ የሚባለው ስክሪኑ ላይ የምናየውን ምስል የሚሠራው ክፍል ነው። በሁለት መንገድ ይመጣል። አንደኛው ራሱን የቻለ ካርድ ነው። የራሱ ሜሞሪ አብሮት ይመጣል። ሁለተኛው ከፕሮሰሰሩ፣ ማለትም ከላፕቶፑ አንጎል፣ ጋር አብሮ የተሠራ ነው። የራሱ ሜሞሪ ስለሌለው ከራም፣ ማለትም ከላፕቶፑ የሥራ ሜሞሪ፣ ይበደራል። ምጣድ የሌለው ሰው ከጎረቤት ተውሶ እንደሚጋግር ማለት ነው። ዊንዶውስ ከራሙ እስከ ግማሽ ድረስ እንዲበደር ይፈቅድለታል። የኛ ላፕቶፕ ራሙ 16 ጂቢ ነው፤ ግማሹ 8 ነው። «8 ጂቢ ግራፊክስ» የተባለው ይኸው ነው። ራሙ 8 ቢሆን ኖሮ 4 ጂቢ ግራፊክስ ብለው ይሸጡልን ነበር። እዚያው መስኮት ላይ ዝቅ ብሎ «ዲስፕሌይ ሜሞሪ» የሚል ሌላ መስመር አለ። የኛ ላይ 128 ሜጋባይት ይል ነበር። ሻጩ አልሸፈነውም። እኔ ነኝ ምን ማለት እንደሆነ ያላወቅኩት።

የግራፊክሱ ትክክለኛ ስም ኢንቴል ኤችዲ ግራፊክስ 520 ነው። ለቢሮ ሥራና ፊልም ለማየት ይበቃል። ለዘመኑ ጌም አይሆንም።

አሁን ሳስበው ቁጥሩ ራሱ ሊያስጠረጥረኝ ይገባ ነበር። ጂቲኤክስ 1650 የሚባለው፣ ለመካከለኛ ጌም ብዙ ሰው የሚፈልገው የላፕቶፕ ካርድ፣ 4 ጂቢ ነው ያለው። ከሱ በላይ ያለው አርቲኤክስ 3060 እንኳ ላፕቶፕ ላይ 6 ጂቢ ነው። 8 ጂቢ ሜሞሪ ያላቸው እንደ አርቲኤክስ 2070 እና 4060 ያሉት ናቸው። እነሱ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ወፍራም፣ ከባድ፣ ውድ ላፕቶፕ ላይ ነው የሚገኙት። ቀጭን የቢሮ ላፕቶፕ ላይ 8 ጂቢ ካርድ ከየት ይመጣል?

ስለዚህ ሱቅ ስትገቡ «ስንት ጂቢ ነው?» ብላችሁ አትጠይቁ። «የካርዱ ስም ማን ነው?» በሉ። ከዚያ ራሳችሁ እዩት። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤስኬፕን አንድ ላይ ስትጫኑ ታስክ ማናጀር ይከፈታል። ፐርፎርማንስ የሚለውን ንኩና ወደታች ውረዱ። ጂፒዩ የሚለው ግራፊክሱን ነው። ጂፒዩ 0 ብቻ ካለና ስሙ ኢንቴል ኤችዲ ወይም ዩኤችዲ ከሆነ ካርድ የለውም። ጂፒዩ 0 እና ጂፒዩ 1 ካሉና አንዱ ጂቲኤክስ ወይም አርቲኤክስ የሚል ከሆነ ካርድ አለው። መጠኑን የሚነግራችሁ «ዴዲኬትድ» የሚለው ቁጥር ነው። «ሼርድ» የሚለውን ጭራሽ አትቁጠሩት። ይህን ለማየት አንድ ደቂቃ አይፈጅም። የሚከለክላችሁ ሻጭ ካለ ቦርሳችሁን አንስታችሁ ውጡ።

«ኮር አይ 7» የሚለውም ብቻውን ምንም አይነግራችሁም። የኛው አይ 7 6600 ዩ ነበር። የመጀመሪያው 6 ትውልዱን ይነግራል፤ በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው። መጨረሻ ላይ ያለው ዩ ደግሞ ኃይል ቆጣቢ ነው ማለት ነው። ውስጡ ያለው ኮር፣ ማለትም ሥራውን የሚከፋፈለው ክፍል፣ ሁለት ብቻ ነው። በአንጻሩ በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣው አይ 5 9300 ኤች አራት ኮር አለው። አይ 5 ነው ተብሎ ይናቃል፤ ግን ለጌም ከኛው አይ 7 በብዙ ይበልጣል። መጨረሻው ላይ ኤች የሚለውን ፊደል ፈልጉ፤ ለከባድ ሥራ የተሠራ ነው ማለት ነው። ሌላም ነገር አለ። ዊንዶውስ 11 በይፋ የሚቀበለው ከ8ኛ ትውልድ ጀምሮ ያሉትን የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ነው። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። እስኪመረቅ ይቆያል ብለን የገዛነው ዕቃ ገና ስንገዛው ጊዜው አልፎበት ነበር።

ቤት ገብተን ወንድሜ ጌሙን ሲከፍት የመጀመሪያው አጋማሽ ደህና ነበር። ሁለተኛው ላይ ተጫዋቾቹ ትእዛዝ ዘግይቶ የሚደርሳቸው ይመስል ጀመር። ፋኑ እንደሚፈላ ጀበና ይንጫጫል። ሱቅ ውስጥ ለምን ደህና እንደሠራ የገባን በኋላ ነው። የስክሪኑ ጥራት ወደ 720 ወርዶ ነበር፤ የጌሙም ሴቲንግ የመጨረሻው ዝቅተኛ ላይ ነበር። በዚያ ላይ አምስት ደቂቃ ብቻ ነው የተጫወተው። ላፕቶፕ በአምስት ደቂቃ ሙሉ በሙሉ አይግልም። እናንተ ስትገዙ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት አጫውቱት። ቻርጀሩ ተሰክቶም ተነቅሎም ሞክሩት። እጃችሁን ከኪቦርዱ በላይ አሳርፉ፣ ፋኑን አዳምጡ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ሳሳ ስለሚል ፋን እዚህ ሲያቀዘቅዝ ትንሽ ይቸገራል። ለዚህም ነው አሮጌ ላፕቶፕ ላይ አቧራና የደረቀ ቴርማል ፔስት (ሙቀቱን ከፕሮሰሰሩ ወደ ማቀዝቀዣው የሚያሻግረው ቅባት) ቶሎ የሚታወቀው።

የሰፈራችን የጥገና ልጅ ከፍቶ አጸዳው፣ ፔስቱንም ቀየረው። ሙቀቱ ቀነሰ። ጌሙ ግን ያው ነው። «እትዬ፣ ዕቃው አልተበላሸም፤ ለዚህ ሥራ አልተሠራም» አለኝ።

እውነቱን መናገር አለብኝ፤ ላፕቶፑ እንደ ዕቃ መጥፎ አይደለም። ክዳኑ ብረት ነው። ማጠፊያው ጥብቅ ነው። ኪቦርዱ ገና አዲስ ይመስላል። ለድርጅት ሠራተኛ ተብለው የሚሠሩ ላፕቶፖች ብዙ ጊዜ መውደቅንና መገፋትን ይቋቋማሉ። ወርድና ኤክሴል ለሚሠራ ሰው በ40,000 ብር አካባቢ ቢያገኘው ግዛው እለዋለሁ። ጥፋቱ የቢሮ ዕቃን በጌም ዋጋ መሸጣቸው ነው።

በተቃራኒው እውነተኛ የጌም ላፕቶፕ ስትገዙ ጥንካሬውን ራሳችሁ መፈተሽ አለባችሁ። ርካሾቹ ብዙ ጊዜ ፕላስቲክ ናቸው። ማጠፊያቸው አካባቢ ይሰነጠቃሉ። ክዳኑን ቀስ ብላችሁ ክፈቱና ጠርዙ ላይ ያለው ፕላስቲክ ከፍ ከፍ ይል እንደሆነ ተመልከቱ። ድምፅ ካለው ተዉት።

የሥራ ባልደረባዬ የገጠመው ደግሞ ሌላ ነው። ሜክሲኮ አካባቢ 1650 ካርድ ያለው ላፕቶፕ ገዛ። ካርዱ እውነተኛ ነው። ጌሙ ግን ይቆራረጣል፤ ቻርጀር ተሰክቶ እንኳ ባትሪው ይወርዳል። ሲታይ የተሰጠው ቻርጀር 65 ዋት ነው። እንዲህ ዓይነት ካርድ ያለው ላፕቶፕ አብዛኛውን ጊዜ ከ130 ዋት በላይ ይፈልጋል። ኃይል ሲያንሰው ራሱን ያዘገያል። ኦሪጅናሉን ቻርጀር ፍለጋ ሌላ ብር አወጣ። የቻርጀሩን ጀርባ አንብቡ፤ ቮልቱን በአምፒሩ ስታባዙት ዋቱን ታገኙታላችሁ።

ባትሪም እንዲሁ። ኮማንድ ፕሮምፕት የሚባለው የትእዛዝ መጻፊያ መስኮት ተከፍቶ «powercfg /batteryreport» የሚለው ትእዛዝ ሲጻፍ ሪፖርት ያወጣል። እዚያ ላይ ባትሪው አዲስ ሳለ የነበረውን አቅምና አሁን ሞልቶ የሚይዘውን ጎን ለጎን ታያላችሁ። የኛው ከግማሽ በታች ወርዶ ነበር። መብራት ሲጠፋ አርባ ደቂቃ ነው የሚቆየው።

እንደ ወንድሜ አልፎ አልፎ ለሚጫወት ሰው የግድ ካርድ ያለው ላፕቶፕ ያስፈልጋል አልልም። ራይዘን 5 5500 ዩ የሚባለው የኤኤምዲ ፕሮሰሰር ያለው ላፕቶፕ አብሮት የሚመጣው ግራፊክስ ከኛው በብዙ ይሻላል፤ ሴቲንጉን ዝቅ አድርጎ ኳስ ያጫውታል። 11ኛ ትውልድ ኢንቴል ላይ ያለው አይሪስ ኤክስኢ የሚባለው ግራፊክስም ጥሩ ነው። ግን ራሙ በሁለት ቁራጭ መሆኑን አረጋግጡ። በአንድ ቁራጭ ብቻ ሲሆን አይሪስ መባሉ ቀርቶ ዩኤችዲ የሚል ስም ያሳያል፣ ጉልበቱም ይቀንሳል። ከዚህ በላይ ለሚፈልግ 1650፣ ኤች ፕሮሰሰርና 16 ጂቢ ራም በቂ ነው።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ነገር ልምጣ። በስድስተኛው ቀን ላፕቶፑን ይዤ ተመለስኩ። ያ ትሁት ልጅ ወንበር አልሰጠኝም። «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም፤ አይተሽ ነው የወሰድሽው» አለኝ። ወረቀቱ ላይም እንዲሁ የሚል ማኅተም አለ። አፍሬ ወጣሁ። የሸማቾች ጥበቃ አዋጁን፣ ቁጥር 813/2006ን፣ ያነበብኩት በኋላ ነው። ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት አለው ይላል። ዕቃው ጉድለት ከተገኘበትም በገዛ በ15 ቀን ውስጥ መልሶ እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል። እኔ ይህን ሳነብ 15ቱ ቀን አልፏል።

ባያልፍስ በምን አስረዳለሁ? የያዝኩት በእጅ የተጻፈ ብጣሽ ወረቀት ነው። «1 ላፕቶፕ ኮር አይ 7» ይላል። ስለ ግራፊክስ አንድ ቃል የለበትም። «ደረሰኝ ከፈለግሽ ዋጋው ይጨምራል» ሲለኝ «ይቅርብኝ» ያልኩት እኔ ነኝ። ያቺን ቁጠባ ከፈልኩባት። እባካችሁ የማሽን ደረሰኝ ተቀበሉ። አብሮት በሚሰጣችሁ ወረቀት ላይም የፕሮሰሰሩን ሙሉ ቁጥር፣ የካርዱን ስምና የራሱን ሜሞሪ፣ የላፕቶፑን ሲሪያል ቁጥር አስጽፉ። ማስታወቂያውንም ሳይጠፋ ስክሪንሾት አንሱ። ሻጩ «8 ጂቢ ግራፊክስ» ብሎ በእጁ ለመጻፍ ካቅማማ መልሱን አግኝታችኋል።

በመጨረሻ በሦስተኛው ሳምንት ራሳቸው በ44,000 ብር መልሰው ገዙኝ። 18,000 ብር ቀረ። ወንድሜ እስካሁን የጓደኛውን ላፕቶፕ ተራ እየጠበቀ ነው አሳይመንት የሚሠራው።

ላፕቶፑ ግራጫ ነው፣ 14 ኢንች። ክዳኑ በቀኝ በኩል ጥግ ላይ የጣት ርዝመት ያለው ጭረት አለው። ከስር ካሉት አራት የጎማ እግሮች የግራ የፊቱ ተነቅሏል። ትናንት የጠየቁበት ዋጋ 65,000 ብር ነው።