ድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር ያለው የቁስል ክሊኒክ፦ ስኳር ያለበት ሰው ለምታስታምሙ

ድሬ ውስጥ ስኳር ያለበት ዘመድ ካላችሁ ይሄን አንብቡት። እማዬ ስኳር ከያዛት ቆይቷል። የእግሯ ጣት መሀል ትንሽ ቁስል ወጣ። ሰፈር ያለ መድኃኒት ቤት ያለ ማዘዣ አሞክሳሲሊን ሸጠላት፤ ስኳር አለብሽ ወይ ብሎ እንኳ የጠየቃት የለም። እሱን እየዋጠች እግሯ አበጠ፣ ቀላ፣ መሽተት ጀመረ። የሚገርመው ግን አያማትም።

ክሊኒኩ የወሰድናት ያኔ ነው። ካርድ ማውጫው ጋ ሰልፉ ያሰለቻል። በዚያ ሙቀት መቀመጫ እንኳ አይበቃም፣ ለታመመ ሰው ከባድ ነው።

አቦ ነርሷ ግን ሌላ ናት! ሁለቱንም ጫማ አስወለቀቻት፣ የደህናውን እግር ጭምር። በየጣቶቹ መሀል በባትሪ አየች። ከዚያ ዓይኗን አስጨፍና ውስጥ እግሯን በቀጭን ናይሎን ክር ነካ ነካ እያደረገች «ሲሰማዎት ይንገሩኝ እማማ» አለቻት። ብዙ ቦታ ላይ እማዬ ዝም አለች። ለካ ስኳሩ ነርቩን ጎድቶት ነው ያላመማት። የደም ዝውውሩም ይዳከማል፣ ነጭ የደም ሴሎችም እንደልብ አይዋጉም፣ ስለዚህ ሌላ ሰው ላይ በራሱ የሚድን ቁስል እዚህ አጥንት ድረስ ሊዘልቅ፣ ወደ ደምም ሊገባ ይችላል።

ሐኪሙ ቁስሉን ከማየቱ በፊት ትኩሳቷን፣ ትንፋሿን፣ ግፊቷን ለካ። «ትልልቅ ሰዎች ላይ ትኩሳት ላይኖር ይችላል፤ ነገር ከተምታታባት፣ ትንፋሿ ከፈጠነ፣ ሽንቷ ከቀነሰ ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል አድርሷት» አለን። ቁስሉን አጽድቶ ከውስጥ ናሙና ወሰደ። ካልቸሩ፣ ማለትም የትኛው ባክቴሪያ እንደሆነና የትኛው መድኃኒት እንደሚገድለው የሚታይበት ምርመራ፣ እዚያው አይሠራም፣ ሌላ ቦታ ነው የሚላከው፣ ቀናትም ይፈጃል። እስከዚያ ዝም ብለው አልጠበቁም፣ መድኃኒት አስጀመሯት። ውጤቱ ሲመጣ ባክቴሪያው መድኃኒቱን የተላመደ ሆኖ ተገኘና ቀየሩላት፤ እብጠቱ የጎደለው ከዚያ በኋላ ነው። ጣቷ ተርፏል፣ ተመስገን።

ዋጋው ይከብዳል፤ ቁስል በታጠበ ቁጥር ይከፈላል። ያም ሆኖ እኔ ሌላ ቦታ አልወስዳትም። ነጠላ ጫማ ግን ከልክለዋታል፣ ድሬ ላይ ይሄ ቀላል ትእዛዝ አይደለም።

ስትሄዱ በሽተኛው የሚወስደውን መድኃኒት ሁሉ በፌስታል ያዙ፣ ስኳሩን የምትመዘግቡበትንም ደብተር። ይጠይቋችኋል።