አንድ ልጅ ብቻ ቢመጣም የክትባት ብልቃጡን ለሚከፍቱት እህቶቻችን

ይህ ምስጋና ለቀበሌያችን ጤና ኬላ ሁለት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ነው። ስማቸውን ልጻፍ ብዬ ጠይቄ "ሥራችን እኮ ነው" ብለው እምቢ ስላሉኝ ሳልጽፈው ቀርቻለሁ። አራስ ያላችሁ፣ ነፍሰ ጡር ያላችሁ፣ የልጅ ልጅ የምታሳድጉ ሁሉ ግን እባካችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝና በአቅራቢያችሁ ወዳለው ጤና ኬላ ሂዱ።

መጀመሪያ ምሬቱን ላውጣው። ክትባት እየሰጡ ሰው የሚያማርሩ ቦታዎች አሉ፤ ስም አልጠራም። እናት አራስ ልጇን አቅፋ በጠዋት ትሄዳለች፤ "ዛሬ ልጅ አልሞላም፣ ሐሙስ ነይ" ትባላለች። ሐሙስ ስትመለስ ባለሙያዋ ስልጠና ሄዳለች። በሦስተኛው ቀን "ካርድሽ የታለ?" ትባላለች፤ ዝናብ አበላሽቶብኛል ስትል በሰው ፊት ይቆጧታል። አራተኛ ጊዜ አትመጣም። ከዚያ መዝገቡ ላይ "ያቋረጠች" ተብላ ትጻፋለች። እሷ መቼ አቋረጠች? እነሱ ናቸው ያቋረጧት።

"ልጅ አልሞላም" የሚለው ቃል ከየት እንደመጣ ላስረዳ፤ ብዙ ሰው ተንኮል ይመስለዋል። የሳንባ ነቀርሳ መከላከያው ቢሲጂና የኩፍኝ ክትባት በደረቅ ዱቄት መልክ ነው የሚመጡት። አብሯቸው በሚላከው ፈሳሽ ከተበጠበጡ በኋላ ከ6 ሰዓት በላይ አይቆዩም፤ የዕለቱ ክትባት ቀድሞ ካበቃ ደግሞ ያኔውኑ ይጣላሉ። የሚያቆያቸው መድኃኒት ስለሌላቸው ባክቴሪያ ይራባባቸዋል፤ በማግስቱ የተረፈውን የወጋ ሰው ሕፃን ሊገድል ይችላል። አንዱ የቢሲጂ ብልቃጥ 20 ልጅ ያስከትባል፣ የኩፍኙ ብዙውን ጊዜ 10። ስለዚህ አንዳንዱ ባለሙያ ለአንድ ልጅ ብሎ ብልቃጥ ከፍቶ 9ኙን መድፋት ያስፈራዋል፤ "አባከንክ" እንዳይባል እናቲቱን ይመልሳታል።

የእኛዎቹ አይመልሱም። ምስጋናዬ ሁሉ ከዚህ ይነሳል። ክረምት ላይ፣ ጭቃው ጉልበት በሚደርስበት ቀን፣ አንዲት እናት የ9 ወር ልጇን አዝላ ብቻዋን ደረሰች። ሌላ ልጅ አልነበረም፤ እንደማይመጣም ያስታውቃል። ከሁለቱ ሠራተኞች ታላቂቱ ሰማዩን አየት አድርጋ "ነይ እናቴ፣ ግቢ፣ ልጁን አድርቂው" አለችና የኩፍኙን ብልቃጥ ከፈተች። ሰዓቱን ብልቃጡ ላይ ጻፈች፣ ለአንዱ ልጅ 0.5 ሚሊ ሊትር ክንዱ ላይ ሰጠች። ታናሽየዋ ግን እጇን አጣጥፋ አልተቀመጠችም። ካርዶቹ በየወሩ ተለይተው ከሚቀመጡበት ሣጥን የዚያን ወር ኩፍኝ የሚጠብቁትን መዝዛ ለቅርቦቹ ቤቶች ደወለች፣ ስልክ ለሌላቸው የጎረቤት ልጅ ላከች። ስድስት ሰዓቱ ሳይሞላ አራት ልጆች ተጨመሩ። የተረፈው ተጣለ፤ መጣልም ነበረበት። የባከነ ክትባት ይተካል፤ የተመለሰች እናት ግን ላትመለስ ትችላለች። ይህ የገባቸው ሠራተኞች ናቸውና ፈጣሪ ብድራቸውን ይክፈላቸው።

ሌላው የማደንቅላቸው የቅዝቃዜው ጉዳይ ነው። ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ውስጥ መቀመጥ አለበት። ሙቀት እንደሚያበላሸው ሁሉም ያውቃል፤ በረዶም እንደሚያበላሸው የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው። አምስቱን በሽታ ማለትም ዘጊ አናዳን፣ ትክትክን፣ መንጋጋ ቆልፍን፣ የጉበት በሽታን (ሄፓታይተስ ቢ) እና ሂብ የተባለውን የማጅራት ገትርና የሳምባ ምች አምጪ የሚከላከለው ፔንታቫለንት አንዴ በረዶ ከሆነ ሞቷል፤ ቢቀልጥም አይመለስም። ፍሪዘር ውስጥ ያደረውን አይስ ፓክ (ውሃ ተሞልቶ በረዶ የሚደረገውን ፕላስቲክ) እንደወጣ ክትባት መያዣ ሣጥን ውስጥ ሲወረውሩ ያየሁበት ቦታ አለ። ልጁ ይወጋል፣ ያለቅሳል፣ ካርዱ ላይ ይጻፍለታል፤ መከላከያ ግን የለውም። ከዚህ የከፋ ማታለል አላውቅም።

የእኛዎቹ ከጤና ኬላው ወጥተው በየመንደሩ ለመከተብ ሲዘጋጁ አይስ ፓኩን አስቀድመው አውጥተው ጠረጴዛ ላይ ይደረድሩታል። ላዩ ሲያልበውና ሲነቀነቅ ውስጡ ውሃ ሲንኳኳ ነው የሚያስገቡት። ብልቃጡን ሲያወጡ መለያው ላይ ያለችውን ትንሽ ክብ ያያሉ፤ ክቧ ውስጥ ያለው አራት ማዕዘን ከክቡ ቀለም የነጣ ከሆነ ደህና ነው፣ ከክቡ ጋር ከተመሳሰለ ወይም ከጠቆረ ሙቀት ነክቶታልና አይሰጥም። ፔንታው በረዶ ነክቶት ይሆን ብለው ሲጠራጠሩ ከዚያው ምርት አንዱን ሆን ብለው በረዶ እስኪሆን አቀዝቅዘው ያቀልጡታል፣ ከዚያ ሁለቱንም በአንድነት ነቅንቀው ያስቀምጣሉ፤ የተጠረጠረው እንደ ቀዘቀዘው ቶሎ ከዘቀጠ ይወገዳል። ማንም ቆሞ አይመለከታቸውም። ቢዘሉት የሚያውቅባቸው ሰው የለም። አይዘሉትም።

እዚህ ላይ "ልጅ የለኝም፣ ምን አገባኝ" ለሚል፣ ወይም ልጁን በገንዘቡ በግል ክሊኒክ ለሚያስከትብ ወገኔ አንድ ነገር ልበል። ኩፍኝ ክትባት ባልደረሰበት ሕዝብ መሃል አንዱ ታማሚ ከ12 እስከ 18 ሰው ሊያሲዝ ይችላል። እንዳይዛመት ከመቶ 95 ያህሉ መከላከያ ሊኖረው ይገባል። የቀሩት 5 እነማን ናቸው? ገና 9 ወር ያልሞላው የእርስዎ አራስ፣ በካንሰር ሕክምና አቅሟ የደከመ ጎረቤት፣ ክትባቱ ያልሠራለት ልጅ። እነዚህን የሚጠብቃቸው ጭቃውን አቋርጣ የመጣችው እናት ልጅ ነው። ያን ልጅ ያስከተበው ደግሞ የእርስዎ ግብር ነው። የእነዚህ እህቶች ደመወዝ፣ የጤና ኬላው ወጪ፣ ክትባቱን ከወረዳ የሚያደርሰው ሞተር ሳይክል ነዳጅ ከዚያ ይወጣል። የክትባቱን ግዢ ከፊል ጋቪ የተባለው ዓለም አቀፍ ጥምረት ይደግፋል፤ መንግሥታችንም ድርሻ አለው። ደመወዝተኛው ከደመወዙ ይቆረጥበታል፣ ሳሙና የገዛው ደረሰኝ ላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ይከፍላል። ሁላችንም አዋጥተናል ማለት ነው፤ ስለዚህ ስትገዙ ደረሰኝ ጠይቁ።

የፈንጣጣ ጠባሳ ፊታቸው ላይ ያለ አረጋውያን አሉን። የአገራችን የመጨረሻው የፈንጣጣ ታማሚ በነሐሴ 1968 ዓ.ም. ኦጋዴን ውስጥ ተገኘ፤ በሚያዝያ 1972 ዓ.ም. ደግሞ በሽታው ከምድር መጥፋቱ ታወጀ። ያኔ በእግር፣ በበቅሎ፣ በሄሊኮፕተር መንደር ለመንደር የዞሩት ክትባት ሰጪዎች ያተረፉልንን ዛሬ ባለጸጋውም ድሃውም እኩል ይበላዋል። መደበኛው የልጆች ክትባት ፕሮግራም የተጀመረውም በ1972 ነው። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ደግሞ ለየቀበሌው በአብዛኛው ሁለት ሴቶችን መደበ፤ 10ኛ ክፍል ጨርሰው ለአንድ ዓመት ሰልጥነው፣ ከ3,000 እስከ 5,000 ለሚሆን ሕዝብ በራሱ ቋንቋ የሚናገሩ፣ በሰፈሩ የሚታወቁ።

አሁን ሄዳችሁ እንድትጠቀሙ የሚሆነውን ልናገር። ልጁ እንደተወለደ ቢሲጂና የፖሊዮ ጠብታ አለው፤ ከዚያ በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት፣ ቀጥሎ በ9ኛው ወርና በ15ኛው ወር ትመለሳላችሁ። በ15ኛው ወር ያለው ሁለተኛው ኩፍኝ ነው፤ በ2011 ዓ.ም. ስለተጨመረ ብዙ እናት በ9 ወር ያለቀ ይመስላታል። አላለቀም። ቀኑ ካለፋችሁ ከመጀመሪያ አይጀመርም፤ ከቆማችሁበት ይቀጥላል፣ በመሃሉ ቢያንስ 4 ሳምንት ይሁን እንጂ። ጉንፋንና ቀላል ትኩሳት ክትባት አያስቀርም። ጡት ማጥባት አያስቀርም። ካርድ መጥፋትም አያስቀርም፤ መዝገብ አላቸው፣ ጠይቁ። ካርዱን ግን በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። ልጁ ነገ ወደ ውጭ አገር ቢሄድ ለቪዛውም ለትምህርት ቤቱም የክትባት ማስረጃ ሊጠየቅ ይችላልና።

ቢሲጂ የተሰጠበት ቦታ ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ ያብጣል፣ ይቆስላል፣ ራሱ ይድናል፣ ጠባሳ ይተዋል። ቅቤ አትቀቡበት፣ ቅጠል አትለጥፉበት፣ አታፍርጡት። ከፔንታው በኋላ ለአንድ ሁለት ቀን ቢያተኩሰው አትደንግጡ፤ ጡት ቶሎ ቶሎ አጥቡት፤ ትኩሳቱ ካልለቀቀው ወይም ከደከመ ወደ እነሱ ውሰዱት። የእኛዎቹ እናት ከመውጣቷ በፊት አራት ነገር ሳይነግሯት አይለቋትም፦ ዛሬ የተሰጠው ምን እንደሆነ፣ ምን ሊያሳየው እንደሚችል፣ መቼ እንደምትመለስ፣ ካርዷን ይዛ እንድትመጣ። ከዚያ "ድገሚልኝ" ይሏታል። ስትሳሳት ሳይቆጡ እንደገና ይነግሯታል።

የተሰጠ መርፌ ሁሉ እዚያው ለዚሁ በተዘጋጀው የመርፌ መጣያ ሣጥን ውስጥ ይጣላል፤ ሲሪንጁ አንዴ ከተገፋ ራሱን ስለሚቆልፍ ሁለተኛ ሰው አይወጋም። ይህን ለሚጠረጥሩ አያቶች ንገሯቸው፤ ቢፈልጉ ሄደው ያዩታል፣ እህቶቻችን በደስታ ያሳያሉ።

ሂዱ ወገኖቼ። የቀበሌያችሁ ጤና ኬላ የት እንደሆነ የማታውቁ ካላችሁ ጎረቤት ጠይቁ፤ የክትባቱን ቀን ጠይቁ፤ አንድ ልጅ ብቻ ይዛችሁ ብትደርሱም አትፈሩ። የእኛ ጤና ኬላ ቧንቧ ስለሌለው እጅ የሚታጠቡበትን ውሃ ራሳቸው ነው የሚቀዱት፤ ከሰፈራችን የምትሄዱ ከቻላችሁ አንድ ጀሪካን ይዛችሁ ሂዱ።