በሐዋሳ ገብርኤል ደጃፍ የሚሸጠው የኪስ ዳዊት፦ ለጭንቅ ቀን ይሆናል ወይ?

በሐዋሳ ቅዱስ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ካሉት የመንፈሳዊ መጻሕፍትና የንዋያተ ቅድሳት መሸጫዎች ከአንዱ፣ ግዕዙንና አማርኛውን ጎን ለጎን ያሰፈረ የኪስ ዳዊት ገዝቼ እናቴን ሆስፒታል ሳስታምም ስጠቀምበት ቆይቻለሁ። ስለዚህ ይህን ግምገማ የምጽፈው ታማሚ ለሚያስታምም፣ ፍርድ ቤት ለሚመላለስ፣ ከሥራው ለተፈናቀለ ወይም ሐዘን ለተቀመጠ፣ በአጠቃላይ ልቡ በተረበሸበት ሰዓት ከእጁ የማይለይ መጽሐፍ ለሚፈልግ አንባቢ ነው። ለመደርደሪያ የሚያምር ዳዊት ለሚሻ ሰው ከዚህ የተሻሉ ብዙ እትሞች አሉ። እኔ የመዘንኩት ሰው ሲጨነቅ በእርግጥ ሊያነብበው ይችላል ወይ በሚለው ብቻ ነው።

ይዘቱ የተሟላ ነው። 150ው መዝሙራትና ከቁጥር ውጭ የሚባለው 151ኛው፣ 15ቱ ጸሎተ ነቢያት፣ መኃልየ መኃልይ፣ በሰባቱ ዕለታት የተከፈለው ውዳሴ ማርያም እና አንቀጸ ብርሃን የተባለው የእመቤታችን ምስጋና ሁሉም አሉበት። አንዳንድ የኪስ እትሞች ገጽ ለመቀነስ ሲሉ ጸሎተ ነቢያትን ስለሚያስቀሩ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ንጉሡ ሕዝቅያስ ለሞት ከደረሰበት ሕመም በተነሣ ጊዜ የጸለየው፣ ዮናስ በዓሣ አንበሪ ሆድ ውስጥ ሆኖ የጮኸው፣ ሠለስቱ ደቂቅ በእሳቱ መካከል ያመሰገኑት የሚገኘው በዚህ ክፍል ነው። ታኅሣሥ 19 ቀን ሐዋሳ በምእመን ስትጥለቀለቅ የሚከበረው መልአኩ እነዚህን ሦስት ወጣቶች ከእቶኑ ያወጣበት መታሰቢያ በመሆኑ፣ ለከተማችን ሰው ይህ ጸሎት ከበዓሉ ጋር አብሮ የሚታወስ ነው። ሦስቱ ወጣቶች ወደ እሳቱ ከመጣላቸው በፊት ለንጉሡ የሰጡት መልስ፣ አምላካችን ሊያድነን ይችላል፣ ባያድነንም እንኳ ለጣዖትህ አንሰግድም የሚል እንደነበረ ልብ ይሏል። አስታማሚ ሆኖ የሚቀመጥ ሰው ከዚህ ይልቅ የሚቀርበው ቃል ያለ አይመስለኝም።

ወደ አቀማመጡ ስንመጣ፣ ግዕዙ በግራ ዓምድ፣ አማርኛው በቀኝ ዓምድ ሰፍሯል፤ የእግዚአብሔርና የእመቤታችን ስም እንደ ብራና መጻሕፍቱ ሥርዓት በቀይ ቀለም ተጽፏል። በየአሥሩ መዝሙር መጨረሻ ንጉሥ የሚባለው አንዱ ክፍል መፈጸሙን የሚያመለክት ትንሽ ሐረግ ተስሏል። ዳዊት የሚደግም ሰው እንደሚያውቀው መጽሐፉ በ15 ንጉሥ የተከፈለ በመሆኑ፣ ሐኪም ሲገባ ወይም ስልክ ሲጠራ አቋርጦ ወደነበረበት ለመመለስ ይህ ሐረግ እጅግ ይረዳል። የዕለታቱም ክፍል በገጹ አናት ላይ ተጽፏል። ፊደሉ ግን ደቃቅ ነው። በቀን ብርሃን ምንም አይልም፤ ሌሊት የሕሙማኑ ክፍል መብራት ሲቀንስ ወይም ጨርሶ ሲጠፋ ግን በስልክ መብራት እንኳ የግዕዙን ዓምድ ለመከተል ዓይን ይደክማል፤ ወረቀቱም ስስ ስለሆነ የጀርባው ቀይ ቀለም ወደ ፊት ያሳልፋል። ሀ፣ ሐ እና ኀ የተቀያየሩባቸው ቦታዎችም ስላሉ የቆሎ ተማሪ የነበረ ሰው ሲያነብ መበሳጨቱ አይቀርም።

ሌላው ጥሩ ነገር ቁጥሩ ነው። ሐዋሳ ኦርቶዶክሱና ፕሮቴስታንቱ በአንድ ግቢ የሚኖሩባት፣ በአንድ የሕሙማን ክፍል ውስጥም ጎን ለጎን የሚያስታምሙባት ከተማ ናት። ጎረቤት አልጋ ላይ ያለች እህት 91ኛውን መዝሙር እናንብብ ስትል እኔ 91ኛውን ስገልጥ ሌላ መዝሙር ነው የማገኘው። ምክንያቱ የእኛ ዳዊት የሰብዓ ሊቃናትን፣ ማለትም የጥንቱን የግሪክኛ ትርጉም፣ ቁጥር መከተሉ ነው፤ በዕብራይስጡ 9ኛውና 10ኛው ተብለው የተለዩት በእኛ ዘንድ አንድ መዝሙር በመሆናቸው ከዚያ በኋላ ያለው አብዛኛው በአንድ ቁጥር ወደ ኋላ ይቀራል። በዚህም ምክንያት ብዙ ሰው በቃሉ የሚያውቀው የእረኛው መዝሙር በእኛ 22ኛ፣ በእነርሱ 23ኛ ነው። ይህ እትም የዕብራይስጡን ቁጥር በቅንፍ ስላስቀመጠ ከጎረቤት ጋር አብሮ ለማንበብ አያስቸግርም። አዘጋጆቹ በዚህ ሊመሰገኑ ይገባል።

ያልወደድኩት መግቢያውን ነው። ለሕመም ይህን፣ ለፍርድ ቤት ያንን፣ ለመንገድ ደግሞ ሌላውን ድገም የሚል ረጅም ሠንጠረዥ ይዟል፤ ዳዊትን እንደ መድኃኒት ማዘዣ ማቅረብ ለጀማሪ መንገድ ያሳያል ቢባልም፣ ያን መዝሙር ደግሞ ሕመሙ ያልተሻለው ሰው እምነቴ ጎድሎ ነው ብሎ ራሱን እንዲከስስ በር ይከፍታል። መጽሐፉ ራሱ እንዲህ አይልም። 21ኛው መዝሙር አምላኬ ለምን ተውኸኝ ብሎ ይጀምራል፤ ጌታችንም በመስቀል ላይ የጮኸው በዚሁ ቃል ነው። በ41ኛውና በ42ኛው መዝሙር ዘማሪው ነፍሱን ለምን ታዝኛለሽ እያለ ሦስት ጊዜ ይጠይቃታል፤ አንድ ጊዜ ተናግሮ የተጽናና ሰው ሦስት ጊዜ አይጠይቅም ነበር። 87ኛው ደግሞ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እሮሮ ነው፤ እንደ ሌሎቹ በምስጋና እንኳ አይዘጋም። ቢሆንም የቅዳሴ ሕዝብ፣ ገዳማዊውም ባለ ትዳሩም ይህን መዝሙር ከሌሎቹ ሳይለይ ሲደግመው ኖሯል። ፍርሃቱን በእግዚአብሔር ፊት ያለ ይሉኝታ የሚናገር ሰው ደፋር እንጂ ፈሪ እንዳልሆነ ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ስብከት አልሰማሁም። በሠንጠረዡ ውስጥ ግን 87ኛው ለምንም ችግር አልታዘዘም። የተተወው ረስተውት ይሁን አስፈርቷቸው፣ ለእኔ የመጽሐፉ ትልቁ ጉድለት ይህ ነው፤ በቀጣዩ እትም ሠንጠረዡን አውጥተው በቦታው ፊደሉን ቢያጎሉት ይሻላል።

ጥራዙም ያሳዝናል። ገጾቹ በክር ሳይሰፉ በሙጫ ብቻ ስለተያያዙ ብዙ ሳይቆይ ከመካከሉ ተከፈለ፤ በየቀኑ የሚገለጥ መጽሐፍ እንዲህ መሆን አልነበረበትም። አብሮት የሚሸጠው ዚፕ ያለው ቆዳ መሳይ ማኅደር ግን ጠንካራ ነው፤ ቡናም ሾርባም ፈሶበት በደረቅ ጨርቅ ሲጠረግ ይጠራል።

ስለ ሱቁ ብዙ የምለው የለኝም፤ ጠባብ ቢሆንም ንጹሕ ነው፤ የዕጣኑና የጧፉ ሽታ መጻሕፍቱ ውስጥ ገብቷል። ሻጩ ነጠላውን ያጣፋ ትሑት ወጣት ሲሆን አንድም ነገር እንድገዛ አልገፋፋኝም። እኔ እያለሁ የገቡ አንድ አዛውንት፣ «ልጄ፣ ዓይኔ ደክሟል፤ ጎላ ያለ የለህም?» ቢሉት፣ «አባቴ፣ አለ፤ ግን ትልቅ ስለሆነ ኪስ ውስጥ አይገባልዎትም» አላቸው። «ኪስ ምን ያደርግልኛል? እኔ የምደግመው ቤቴ ቁጭ ብዬ ነው» ብለው ትልቁን ገዙ፤ ሻጩም ወስዶ ባጃጅ ላይ ጫነላቸው። የተከፈለውን መጽሐፌን ይዤ ስመለስም ሳይከራከር ቀየረልኝ፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ምንም የተለየ ጥራዝ ባይኖረውም መልካም ፈቃዱ አያጠራጥርም። ዋጋው ማኅደሩን ጨምሮ ከአንድ ኪሎ የተቆላ ቡና ዋጋ ያነሰ ነው። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 አካባቢ ግን የሱቁ በር ላይ መቆሚያ ስለማይገኝ ከበዓሉ ቀደም ብሎ መሄድ ይሻላል።

በይዘቱና በቁጥሩ ሙሉ ነጥብ እሰጠዋለሁ፤ በፊደሉና በጥራዙ ከግማሽ በታች። ሌላ በክር የተሰፋ የሁለት ቋንቋ የኪስ ዳዊት እስኪገኝ ድረስ ለሆስፒታልና ለመንገድ ይህን ግዙ፤ ዓይናቸው ለደከመ ወላጆቻችሁ ግን እንደ አዛውንቱ ትልቁን ውሰዱላቸው። ከመክፈላችሁ በፊት 118ኛውን መዝሙር ገልጣችሁ ከአሌፍ ጀምሮ 22ቱ የዕብራይስጥ ፊደላት አርእስት መሟላታቸውን ተመልከቱ፤ በመጀመሪያ በተሰጠኝ ቅጂ ላይ አንድ ቅጠል ጎድሎ ያገኘሁት እዚያ ላይ ነበር።