ስኒከር ገዝቼ የነጠላ ጫማ ደረሰኝ ተሰጠኝ

የአዲስ አበባ የእግረኛ መንገድ በኮሪደር ልማቱ ከሰፋ ወዲህ በየማለዳው የሚራመደው ሰው በዝቷል፤ የ«ኦርጅናል ስኒከር» ሱቁም አብሮ በዝቷል። የትኞቹን ሱቆች እንደምል ታውቃላችሁ፦ በመስታወት መደርደሪያቸው ላይ የጫማውን አንድ እግር ብቻ የሚደረድሩትን፣ ዋጋ ሲጠየቁ በአንደበታቸው ከመናገር ይልቅ በካልኩሌተር ጽፈው የሚያሳዩትን። ቦሌ አካባቢ በሚገኝ አንድ እንዲህ ዓይነት ሱቅ ትናንት የደረሰብኝን ንዴቴ ሳይበርድ የምጽፈው፣ ነገ በዚያው በር የሚገባ ሌላ ሰው መኖሩ ስለማይቀር ነው።

ስኳሬ ከፍ ማለቱን ያየው ሐኪሜ በእግር መሄድን አዘዘልኝ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ እንደሚመክርም አስረዳኝ። እኔ የምሄደው ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ሽቅብ ወጥቼ በዚያው መንገድ በመመለስ በመሆኑ፣ ከዳገቱ ይልቅ የሚያሳስበኝ ቁልቁለቱ ነው። ሰው ቁልቁል ሲወርድ እግሩ ጫማው ውስጥ ወደ ፊት ይንሸራተታል፤ ጫማው ከጣቶቹ ፊት ቢያንስ የአውራ ጣት ስፋት ያህል ቦታ ካልተወና ተረከዙን ጠበቅ አድርጎ ካልያዘ ጥፍር ይጠቁራል፣ ጉልበትም ያማል። ስለዚህ ወደ ሱቁ የገባሁት የምፈልገውን አውቄ ነው። እግር ከዋለ በኋላ ስለሚያብጥ የሄድኩት ከሰዓት በኋላ ሲሆን፣ የምራመድበትን ወፍራም ካልሲም አድርጌ ነበር። ከመደርደሪያው የወረደልኝን ጫማ በእጄ አጥፌ አየሁት፤ በትክክል ጣት በሚታጠፍበት ቦታ ታጠፈ። ተረከዙን በሁለት ጣቶቼ ጨመቅሁት፤ አልተጣመመም። ሻጩ ልጅ ከጎኔ ቆሞ «ኦርጅናል ነው ፋዘር፣ ማስተር ኮፒ እኛ ቤት አይገባም» እያለ 11,500 ብር በካልኩሌተሩ ጽፎ አሳየኝ። ከተስማማን በኋላ «ይሄ ብዙ ሰው የሞከረው ነው፣ አዲሱን ከመጋዘን ላምጣልዎት» ብሎ ወጣና በካርቶን የታሸገ ይዞ መጣ። ሂሳቡን በሞባይል ወደተሰጠኝ የሒሳብ ቁጥር ላክሁ፤ ደረሰኙም ሁለት ቦታ ታጥፎ ከካርቶኑ ጋር በፌስታል ተሰጠኝ።

ጫማው እንጦጦን አንዴም በወጉ አልወረደም። ቁልቁለቱ መሀል ላይ የግራው ሶል ከፊት በኩል አፉን ከፈተ፤ ብጫ ማስቲሹ እንደ ማር ክር ሰርቶ ይታይ ነበር። የውስጡን ንጣፍ ሳወጣው ከሥሩ ያገኘሁት ካርቶን ነው። በምላሱ የውስጥ ገጽ ላይ ያለው የሞዴል ቁጥር ካርቶኑ ላይ ከተጻፈው ጋር አይገናኝም። እንደገና አጠፍኩት፤ ከመሀሉ ታጠፈ።

ትናንት ጫማውን ይዤ ሄድኩ። ያው ልጅ በሩ ላይ ቆሞ ነበር፤ አይቶኝ ወደ ስልኩ አጎነበሰ። ገንዘብ ተቀባይዋ ጫማውን ሳትነካ በዓይኗ ብቻ አየችውና፣ ከኋላዋ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ወረቀት በእስክሪብቶዋ ጠቆመችኝ። እኔም አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች ከገዛበት ቀን ጀምሮ በ15 ቀናት ውስጥ ዕቃው እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት እንደሰጠው፣ ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ወረቀትም አዋጅን እንደማይሽር ነገርኳት። አልተከራከረችኝም። በጣም በትሕትና «እሺ አባቴ፣ ደረሰኙን ይስጡኝ» አለችኝ። ሰጠኋት። እጥፋቱን በጥፍሯ እያስተካከለች ዘረጋችውና፣ ሱቁ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ እንዲሰማ ድምጿን ከፍ አድርጋ አነበበችው።

«ነጠላ ጫማ። ብዛት አንድ። 1,200 ብር።»

ከዚያም ወረቀቱን ወደኔ አዙራ፣ «ነጠላ ጫማውን ያምጡና እንለውጥልዎታለን» አለችኝ።

ልጁ ሳቀ። ጫማ ሊሞክሩ ከተቀመጡት ሁለት ወጣቶችም አንደኛው ሳቀ። የሒሳብ ዝውውሩን ከስልኬ አውጥቼ 11,500 ብር መክፈሌን ሳሳያት፣ ገንዘቡ የገባው በሱቁ ስም ሳይሆን በአንድ ግለሰብ ስም መሆኑን አሳየችኝና «እሱን ሰውዬውን ይጠይቁ፣ እኛ ጋ የሚሠራ ሰው አይደለም» አለች። የሒሳብ ቁጥሩን በራሷ እጅ ቁራጭ ወረቀት ላይ ጽፋ የሰጠችኝ እሷው ነበረች! ይህን ስላት ልጁ ከበሩ ሆኖ ጣልቃ ገባ፦ «ፋዘር፣ ለወክ እኮ ነው የገዙት፣ ኦሎምፒክ አይወርዱበት። አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ሮጦ የለ እንዴ?» አበበ እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ የሮጠው የቀረበለት ጫማ እግሩን ስላልተስማማው ነበር፤ ከአራት ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይ ያሸነፈው ደግሞ ጫማ አድርጎ ነው። ይህን ልነግረው አፌ ላይ መጥቶ ነበር፤ ለማን ብዬ ተውኩት። የመደርደሪያው ጫማ፣ ያ በእግሬ የሞከርኩት፣ ያን ሁሉ ጊዜ ከልጁ ራስ በላይ መብራት በርቶለት እንደተቀመጠ ነው።

እስካሁን የሚያንገበግበኝ ከብሩ ይልቅ ነገሩ አስቀድሞ የተሰናዳ መሆኑ ነው። ደረሰኝ ከልክለውኝ ቢሆን ኖሮ ገና ያኔ እጠረጥራቸው ነበር። እነሱ ግን የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ያለበት፣ ከመሣሪያው የወጣ እውነተኛ ደረሰኝ ሰጡኝ። በአንድ ወረቀት ከመንግሥት ግብር ሰወሩ፣ በዚያው ወረቀት የእኔን መብት ዘጉ። የመደርደሪያው አንድ እግርም ለሽያጭ ሳይሆን ለማሳመኛ የተቀመጠ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ስንት ሰው ሞክሮት ስንት ሰው ሌላ ይዞ እንደሄደ እግዜር ይወቀው።

ለወረዳው ንግድ ጽሕፈት ቤት ደረሰኙን፣ የሒሳብ ዝውውሩንና የቁጥሩን ቁራጭ ወረቀት አያይዤ አመልክቻለሁ። እናንተ ግን ከካርቶን የወጣውን ሁለቱንም እግር እዚያው አጥፋችሁና አድርጋችሁ ሳትሞክሩ አትክፈሉ፤ የምላሱን ቁጥር ከካርቶኑ ጋር አስተያዩ፤ ገንዘቡንም በንግድ ፈቃዱ ላይ ካለው ስም ውጪ ለማንም አትላኩ። ደረሰኙን ደግሞ ገንዘብ ተቀባይዋ ፊት ቆማችሁ፣ እጥፋቱን ዘርግታችሁ አንብቡት።